ወራጅ አለ

ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጫለሁ። ከኋላ የአንድ ሰው ስልክ ጠራ። ጥሪው የበገና ዜማ ነው፤ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚያደርገው ዓይነት። ባለቤቱ እንቅልፍ ወስዶት ይሁን ኪሱ ርቆበት እንጃ፣ አያነሳም። ስልኩ ያቆምና እንደገና ይጠራል። በሦስተኛው ላይ ደረቴን አንድ ነገር ጭምድድ አደረገኝ። አየር አጠረኝ።

«ወራጅ አለ!»

«እናት፣ እዚህ ጋ አይቆምም፤ ትራፊክ አለ» አለ ረዳቱ።

«አቁምልኝ አልኩህ!»

ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅሁትም። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልደታ ሳንደርስ አወረዱኝ። አንድ ሊስትሮ ልጅ ሁኔታዬን አይቶ ደንበኞቹ የሚቀመጡባትን በርጩማ ገፋ አደረገልኝ። ነርስ ነኝ፤ ያን ጊዜ በሙያው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ልማድ ነውና ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አሳርፌ የራሴን የልብ ምት ቆጠርኩ። 132። ትኩሳት የለኝ፣ አልሮጥኩ፣ ደም አልፈሰሰኝ።

«አመመሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ ልጁ።

«አይ፣ ደኅና ነኝ» አልኩት። ከዓመት በላይ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

* * *

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ነበር። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ የኮሮና ቫይረስ ተገኘበት ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ዲዩቲ ላይ ነኝ። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው በተሾሙ ማግስት መሆኑ ነው። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ እኛም፣ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ስክሪኑ ሰቅለን ቀረን። ከዚያ አንዱ አስታማሚ ሳቅ ብሎ «እኛንስ ፀሐዩ ይጠብቀናል» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ታክሲ በግማሽ ወንበር እየጫነ ዋጋውን እጥፍ አደረገ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተወደደ፤ ፌጦና ዳማከሴ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ማታ ማታ ካህናት ጽና ይዘው በየመንደሩ ዕጣን ያጥኑ ነበር፤ ያ ሽታ ዛሬም በአፍንጫዬ አለ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

መጀመሪያ በሽተኞችን የተቀበለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እዚያ የሳይካትሪ ነርስ ናት። ሆስፒታሉ ሲታሰብ ለአእምሮ ሕሙማን እንዲሆን ነበር፤ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻውን ያልቻለውን ሸክም እንዲያግዝ። ኮሮና ሲመጣ ዕቅዱ ተገለበጠ። በስልክ ስናወራ «ለጭንቀት የተሠራ ቤት ሳንባ አስታማሚ ሆነ» አለችኝ። ያኔ ስቄ አለፍኩት።

የእኛ ሆስፒታል ተራው ሲደርሰው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ልጅ የሌላቸው ይቅደሙ ተብሎ ነበርና ስሜ አራተኛው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልኩላት።

«ልጄ፣ እምቢ ማለት አይቻልም?»

«ይቻላል እማዬ። ግን ማን ይግባ?»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ ስትገቢ በቀኝ እግርሽ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። በቀኝ ይሁን በግራ ግን ትዝ አይለኝም።

* * *

የመከላከያ ልብሱን ያልለበሰ ሰው ስለ ሙቀቱ ቢነግሩት አይገባውም። መጀመሪያ ጓንት፣ ከዚያ ከእግር እስከ ራስ የሚያጠልቁት ነጭ ቱታ፣ ኤን 95 ማስክ፣ መነጽር፣ ከላዩ የፊት መከለያ፣ እንደገና ሌላ ጓንት። አንዴ ከለበሱ ስድስት ሰዓት ውኃ የለም፣ ሽንት የለም። ብዙዎቻችን ዳይፐር እናደርግ ነበር። ከገቡ በኋላ ሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ዶክተሩ ከጽዳት ሠራተኛው አይለይም። ስለዚህ በጀርባችን ላይ በማርከር ስማችንን እንጽፋለን።

የ12 ቁጥር አልጋው ጋሼ በዚህ በጣም ይስቁ ነበር። «የእናንተ ነገር! ፊታችሁ ጀርባችሁ ላይ ነው» ይላሉ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው። ኦክስጅኑን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እንኳ ማስተማር አይተዉም። አንድ ቀን መርፌ ልወጋቸው ስጠጋ፦

«ሲስተር፣ ይህ በሽታ ከየት ነው የገባብን?»

«ከቡርኪና ፋሶ በመጣ ሰው ነው ጋሼ።»

«ዋና ከተማዋስ?»

ዝም አልኩ።

«ዋጋዱጉ። የምትታገይውን ነገር አገር እወቂ እንጂ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስገባ ሰላምታችን ይኸው ሆነ። እኔ «ዋጋዱጉ» እላለሁ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ያነሳሉ።

በሽተኛው ክፍል ውስጥ ቤተሰብ የለም። የሚያጎርስ፣ እግር የሚያሻሽ፣ ራስጌ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም የለም። ያለው ስልክ ብቻ ነው። ስልኩን እንዳይበከል በግልጽ ፕላስቲክ ጠቅልለን ራስጌያቸው እናስቀምጣለን፤ በፕላስቲኩ ላይ ይነካሉ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ያወራሉ። የጋሼ ስልክ ሲጠራ የበገና ዜማ ነው። የሚደውሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ «እቴቴ» ይላል። ማታ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አያዛንፉም። እጃቸው መድከም ሲጀምር ስልኩን ይዤ ጆሯቸው ላይ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ላለመስማት ብጥርም እሰማለሁ። «በልተሃል?» ይላሉ እትዬ። «በልቻለሁ» ይላሉ ጋሼ። ሳይበሉ ነው።

የነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ክፍላችን ሞልቶ ነበር። የጋሼ ኦክስጅን መጠን ከ94 ወደ 86፣ ከዚያ ወደ ሰባዎቹ ወረደ። በሆዳቸው አስተኛናቸው፤ ጀርባ ላይ ያለው ሳንባ እንዲከፈት ለሰዓታት እንደዚያ ነው የሚቆዩት። ፊታቸው ወደ ትራሱ ስለሆነ ማን እንደገባ አያዩም። «ዋጋዱጉ» አልኩ በጆሯቸው። አውራ ጣታቸው አንሶላው ላይ ትንሽ ተነሳች።

ነሐሴ 24 ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቱ። ሦስት ሆነን ደረታቸውን ተራ በተራ ተጫንን፣ ዶክተሩ ሰዓቱን አይቶ ጻፈ። አስክሬኑን በክሎሪን ረጭተን በከረጢት ዘጋን። ንብረታቸውን በፌስታል አደረግሁ፤ መነጽር፣ ጋቢ፣ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ፣ ስልክ። የሞት መርዶ ጠዋት በዶክተር ብቻ ይነገራል እንጂ ነርስ አትናገርም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ሥርዓቱም ስሕተት አልነበረበትም።

አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ።

ፌስታሉ ውስጥ ብርሃን በራ፣ በገናው መጣ። «እቴቴ»። ብቻዬን ነኝ። ላነሳው አልችልም፤ ምን ልበል? ላጠፋው ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ከጠፋ እዚያ ማዶ ያሉት ሰው ያውቃሉ፤ እየጠራ እስካለ ድረስ ግን ጋሼ ተኝተው ይሆናል፣ ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል። ስለዚህ እንዲጠራ ተውኩት። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወሉ። አሥራ ሰባቱንም ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ እጄን በሁለት ጓንት ፌስታሉ ላይ አሳርፌ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው መታ መታ አደረግሁት።

አገራችን ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩምባ ይነፋል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሴቱ ደረቱን ይደቃል፣ አልቃሽ የሟቹን ሙያ እያነሳች ታስለቅሳለች፣ ማልቀስ ያቃተው እንኳ በሌላው እንባ ይለቀቃል። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከቤቱ አይጠፋም። እኛ ክፍል ግን እንባ ራሱ ክልክል ነበር። ብታለቅስ መነጽሩ ይደበዝዛል፣ መርፌ የምትወጋበትን ደም ሥር አታይም። ማስክህ ይረጥባል፤ የረጠበ ማስክ ደግሞ አያጣራም። ፊትህን መጥረግ አትችልም፣ እጅህ ፊትህን ከነካ ያለቀልህ ነው። ስለዚህ እንባው ከዓይን ሳይደርስ ከጉሮሮ ይመለሳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ርክክብ ስናደርግ «12 ቁጥር ክፍት ነው» አልኩ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ሰው ተኛበት።

* * *

አሥራ አራት ቀን ሠርተን አሥራ አራት ቀን ሆቴል ውስጥ ለብቻችን እንቆያለን። ከውጭ ለሚያየው ዕረፍት ነው። ምግብ በር ላይ ያስቀምጡልህና አንኳኩተው ይሸሻሉ። እኔ ለካ የምፈራው ሥራውን ሳይሆን ይህን ክፍል ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ሆቴሉ ውስጥ ግን ከማሰብ ሌላ ሥራ የለም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሸለብ ሲያደርገኝ በገናው ይመጣል፤ ብድግ ብዬ ሻንጣዬን እበረብራለሁ። እጄን ከመታጠቤ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሎሚ እንኳ መያዝ አቃተኝ።

አንድ ሌሊት ሚያዝያ ላይ አንብቤ ያለፍኩት ዜና ትዝ አለኝ። ዶክተር ሎርና ብሪን የምትባል ኒው ዮርክ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረች ሐኪም፣ ራሷ በኮሮና ታማ ድና፣ ወደ ሥራ ተመልሳ፣ ከዚያ ራሷን አጠፋች። ቤተሰቦቿ በኋላ ሲናገሩ፣ ለአእምሮዋ እርዳታ ብትጠይቅ የሥራ ፈቃዷን የምታጣ መስሏት ትፈራ ነበር። በስሟ የወጣው የጤና ባለሙያዎች ሕግ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ዘግይቶ፣ መጋቢት 2014 ነው። በሚያዝያ ዜናውን ሳነብ «ምን ሆና ነው? አሜሪካ፣ ያ ሁሉ ማሽን እያላት» ብዬ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ምን እንደሆነች የገባኝ መሰለኝ፤ መግባቱም አስፈራኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ አካባቢ ያሉ ብዙ አበሾች በዚህ ሥራ ላይ ናቸው። በቫይበር ደወለች።

«እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። አንቺስ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሁለታችንም ፊታችን ላይ የማስኩ ጠባሳ አለ። ካሜራውን እያየን ብዙ ደቂቃ ዝም አልን። ከዚያ እሷ «በቃ ልተኛ፣ ነገ አምስት ሰዓት ላይ እገባለሁ» አለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ሳምንት የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው አሮጊቶች ተከታትለው አልቀውባት ነበር። «ደኅና ነኝ» ማለትን የተማርነው ከአንድ ቤት ነው።

* * *

ወደ ሠፈር ስመለስ አከራዬ በሩ ላይ ቆሙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስታመም አጥሚት ያጠጡኝ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። የልጅ ልጆች አሉኝ። ሠፈሩም አወራ። እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ቦታ...»

«ምርመራዬ ነጻ ነው እትዬ፣ ወረቀቱ ይኸው።»

ወረቀቱን በእጃቸው ሊቀበሉኝ አልደፈሩም። ባለሱቁም መልሴን መሬት ላይ አስቀምጦ «አንሺው» አለኝ። በዚያው ማታ ቴሌቪዥኑ «ነጭ ለባሽ ጀግኖቻችን» እያለ ያወድሰናል። ጀግናው ጎረቤት እንዳይሆን ብቻ ነው የተፈለገው።

መሥሪያ ቤታችንም በራሱ መንገድ ጣረ ልበል። የአደጋ አበሉ ወራት ቆይቶ መጣ። ኮሪደሩ ላይ «የሥነ ልቦና ድጋፍ ለሚፈልጉ» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጠፈ። ማንም አልደወለም። ስልኩን የሚያነሳው ከላይኛው ፎቅ ያለ ባልደረባችን ነው፤ ነገ ሻይ ቤት ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው አንተ ነህ። አንድ ጊዜ ደግሞ «ራስን መንከባከብ» የሚል ሥልጠና በዙም ተሰጠን፤ አሠልጣኟ በቂ እንቅልፍና የፀሐይ ብርሃን ስትመክር እኛ ሁለት ዲዩቲ ደርበን ግድግዳ ተደግፈን ነበር። አንዱ ልጅ ማንኮራፋት ሲጀምር ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ዓመቱን ሙሉ ከሳቅናቸው ሳቆች ሁሉ ያ ይበልጣል።

* * *

መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘበት ልክ በዓመቱ፣ የክትባቱ ዘመቻ በኤካ ኮተቤ ተጀመረ። አስትራዜኒካ ነው፤ ከሳምንት በፊት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገብቶ ነበር። እኛ የጤና ባለሙያዎች ተቀዳሚ ነበርን። ክንዴን ስወጋ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ከበስተጀርባዬ ያለችው ነርስ እልል ስትል ለምን እንደሆነ ለመገንዘብ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚያው ሰሞን በሽታው ከመጀመሪያው ብሶ ተመለሰ። በመጋቢትና በሚያዝያ የፅኑ ሕሙማን አልጋ ጠፋ፤ መተንፈሻ ማሽን ጠፋ፤ ኦክስጅን አጠረ። የምናውቃቸው ሰዎች እየደወሉ «አንድ አልጋ፣ በናትሽ አንድ አልጋ» ይሉናል። ሲሊንደር የጫነው መኪና ሲዘገይ በሩ ላይ ወጥተን መንገዱን እናያለን፤ ድሮ እናቶቻችን ከገበያ የሚመጣ ሰው እንደሚጠብቁት።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሲሊንደሩ አንድ። አንዷ የሰላሳ ዓመት እናት ናት፣ ሌላው የሰባ ዓመት ሽማግሌ። ወሳኙ ወጣት ዶክተር ነው፤ እኔ ነኝ ሲሊንደሩን የገፋሁት። ወደ ልጅቱ ገፋሁት። ሽማግሌው አዩኝ፤ አልተቆጡም፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ «ይሁን» እንደሚል ሰው። ሌላ ሲሊንደር ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ለእሳቸው ዘገየ። ዶክተሩን ስፈልገው ባዶ ሲሊንደሮች የሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ አገኘሁት፤ መሬት ላይ ተቀምጦ የአንዱን ሲሊንደር ቧንቧ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። «ትንሽ የቀረ ካለ ብዬ ነው» አለኝ። ሁሉም ባዶ መሆናቸውን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ልቤ ደነዘዘ። ሞት ስመዘግብ የሰውየውን ፊት ሳይሆን የአልጋውን ቁጥር ነው የማየው። አንዲት አስታማሚ በር ላይ ስታለቅስ «እዚህ አትጩሂ!» ብዬ ጮኽሁባት። አንዲት ተለማማጅ ተማሪ በድንጋጤ አየችኝ። በዚያች ተማሪ ዓይን ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ድሮ ስማር የምፈራት፣ እንደሷ ላለመሆን ለራሴ ቃል የገባሁላት ነርስ ሆኛለሁ። በወሩ ነው በሚኒባሱ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ የጮኽሁት።

* * *

ከሊስትሮው በርጩማ ላይ ሆኜ የደወልኩት ለሳይካትሪ ነርሷ ጓደኛዬ ነው። እንዴት ነሽ አላለችኝም። «እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣም።

«ነገ አማኑኤል እወስድሻለሁ» አለች።

አማኑኤል! ይህ ቃል በእኛ አገር ምን ስሜት እንዳለው ለማንም መንገር አያስፈልግም። «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት ነው፤ ልጆች ሲጣሉ እንኳ የሚሰዳደቡበት። እኔ ራሴ በሽተኛ ወደዚያ ሪፈር ስጽፍ ቤተሰቡን «አይዟችሁ፣ የተለመደ ነገር ነው» ብዬ አጽናናለሁ። የተለመደው ለሌላ ሰው ነው ለካ።

«እብድ አይደለሁም» አልኳት።

«ማን አለሽ? ስሚኝ፤ ግቢ ውስጥ ውሻ አለሽ እንበል። ሌባ ገባ፣ ውሻው ጮኸ፣ ሌባው ሄደ። ከዚያ በኋላ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል። ውሻው አላበደም፤ ሌባው መሄዱን የነገረው የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለሽ ስንቱን ተቆጥተሻል አንቺ!»

በማግስቱ ሄድን። ከሠፈሬ አማኑኤል ድረስ አንድ ታክሲ ነው። እኔ ግን አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ በእግሬ ተጓዝኩ፤ ረዳቱ የት እንደምወርድ እንዳይሰማ። ሐኪሟ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማችኝ። የድህረ አደጋ ጭንቀትና ድባቴ አለብሽ አለችኝ፤ ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ በየሳምንቱ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ስሙን ሳውቀው ግማሹ ሸክም ወረደ። እኛ በሽተኛን «ምንህን ነው የሚያምህ?» እያልን የምንውል ሰዎች፣ የራሳችንን ሕመም ስም ሳናወጣለት ዓመት ኖረን ነበር።

በአራተኛው ቀጠሮ ስለ ፌስታሉ ነገርኳት። እንደ ዜና ነው የነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ 17ን። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለጋሼ አልቅሰሻል?» አለችኝ። «ዘመዴ አይደሉም» አልኩ። «አልቅሰሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

* * *

የእትዬ ቁጥር ስልኬ ላይ «የ12 ቁጥር ባለቤት» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ጋሼ ሕያው ሳሉ አንዳንዴ በእኔም በኩል ይደውሉ ነበር። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሦስት ቀን አመነታሁና ደወልኩ።

«ሲስተር ነኝ፣ ጋሼን...»

«አውቅሻለሁ» አሉኝ። «ዋጋዱጉ።»

ነገሯቸዋል ለካ።

ነሐሴ 24 ቀን 2013 ጉለሌ አካባቢ ያለ ግቢያቸው ገባሁ። ድንኳን ተተክሏል፣ ጠላ ተጠምቋል፤ ባለፈው ዓመት የቀረው ልቅሶ ሁሉ በዚህ ሙት ዓመት ላይ የተጠራቀመ ይመስላል። እትዬ ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝና ሣጥን ላይ አስቀመጡኝ። ከኮመዲናው ስልኩን አወጡ። ዓመት ሙሉ ቻርጅ እያደረጉ አቆይተውታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊቱን ብቻውን ነበር?»

«አልነበሩም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እጃቸውን ይዤ ነበር።»

«ጠዋት ስደውልስ?»

ይህን ጥያቄ ነው ዓመት ሙሉ የሸሸሁት። «እዚያው ነበርኩ። እየጠራ ነበር። ማንሳት አልተፈቀደልኝም። ላጠፋው ደግሞ አልቻልኩም። አሥራ ሰባት ጊዜ ደውለዋል።»

እትዬ ለረዥም ጊዜ ስልኩን አዩት። «እኔ ደግሞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አይነሳም እንጂ ይጠራል፤ አጠገቡ ሰው ባይኖር ባትሪው ያልቅ ነበር እያልኩ ነው የደወልኩት። እየጠራ ስለነበር ነው አሥራ ሰባት ጊዜ የደወልኩት።»

ከዚያ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ድምፄ ከሆዴ ሲወጣ ትዝ ይለኛል። ሴቶች ከድንኳኑ ሮጠው ሲገቡ፣ አንዷ «ልጃቸው ናት?» ስትል፣ ሌላዋ «አይ፣ ነርሷ ናት» ስትል ሰማሁ። «ነርሷ?» አለችና ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ማንነቴን ሳታውቅ፣ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ለጋሼ ጀመርኩ፤ ለሽማግሌው ቀጠልኩ፤ በር ላይ ለጮኽኩባት ሴትም፣ ስማቸው በቁጥር ለቀረ ሁሉም። ንፍሮ አበሉኝ። ለመሄድ ስነሳ እትዬ በጋሼ ጋቢ ትከሻዬን አለበሱኝ።

አልዳንኩም ያን ቀን። መድኃኒቱን ከዚያ በኋላም ዓመት ወሰድኩ፤ ዛሬም በዝናብ ወራት እንቅልፍ ያስቸግረኛል። የበገና ዜማ ስሰማ ግን አሁን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ፌስታሉ ሳይሆን «የምትታገይውን ነገር አገር እወቂ» የሚለው ድምፅ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ኮሮና ከእንግዲህ ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ አደጋ አለመሆኑን ሲያውጁ፣ በእኛ አገር የአርበኞች የድል በዓል ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ጎፈር የደፉ አረጋውያን ጋሻ ይዘው ይፎክራሉ። ገደልኩ ብቻ አይደለም የሚሉት፤ እገሌ ወደቀ፣ እገሌን እዚያ ገደል ሥር ቀበርኩት ይላሉ። እያለቀሱ የሚፎክሩም አሉ። ጀግንነት እንዲህ አፍ ሲያገኝ ነው ለካ ሰውን የማይገድለው። እኛን «ጀግና» ያለን ሰው ብዙ ነበር፤ ተርኩ፣ አልቅሱ ያለን ግን ጥቂት ነበር። በይፋ በተቆጠረው ብቻ አገራችን ከ7,500 በላይ ሰው አጥታለች፤ የአብዛኛው የመጨረሻ እስትንፋስ ያለው እኛ ጋ ነው።

አሁን የክፍል ኃላፊ ነኝ። የሌሊት ተረኞቼን ጠዋት ስረከብ ስለ በሽተኛው ከጠየቅሁ በኋላ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «አንቺስ፣ ተኝተሻል?» «ደኅና ነኝ» ካለችኝ እንደገና እጠይቃታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የስድስት ወር ቀጠሮዬ ነበር። ታክሲው ሞልቷል፣ ከጎኔ የሠፈሬ ሴት ተቀምጠዋል፤ የት እንደምሄድ ጠይቀውኝ ሳልመልስላቸው ነው የተሳፈርነው። አንድ ፌርማታ ሲቀረው እንደ ድሮው ልቤ ወደ በሩ ሄደ። ዝም አልኩ። ታክሲው ትንሽ ከተጓዘ በኋላ ረዳቱን ትከሻውን ነካሁት።

«ወራጅ አለ» አልኩ። «አማኑኤል ሆስፒታል፣ በሩ ላይ።»